እናቴን የሚከታተሉት ነርስ ፕራክቲሽነር፦ ከሜሪላንድ የአሥራ አራት ወር ምስክርነት

እናቴ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ከእኔ ጋር በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመረች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ለረጅም ጊዜ ይከታተሏት የነበሩት ሐኪም ጡረታ ሲወጡ ምትክ ፍለጋ ወደ አምስት ክሊኒኮች ደወልሁ፤ አዲስ ታካሚ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ከሦስት ወር ወዲህ ቀጠሮ አልነበራቸውም። በአምስተኛው ክሊኒክ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ግን ሐኪሙ እስከ የካቲት ድረስ ቦታ እንደሌላቸው፣ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ሊያዩአት እንደሚችሉ ነገረችኝ። ጥቂት ዝም አልሁ። ዕድሜ ልክ ክትትል የሚሹ ሁለት በሽታዎች ያሉባትን እናቴን፣ ሐኪም ስለታጣ ብቻ ለነርስ መስጠቴ ነው ወይ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ቀጠሮውን የተቀበልሁትም አምኜበት ሳይሆን መድኃኒቷ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አሥራ አራት ወር አልፏል፤ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰናል። እንደ እኔ ስልኩን ይዘው ዝም የሚሉ ወገኖች በአካባቢያችን ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ያየሁትን ደጉንም ጉድለቱንም ሳልሸሽግ ለመጻፍ ወስኛለሁ። የክሊኒኩንም የባለሙያዋንም ስም አላነሣም።

በመጀመሪያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት በነርስነት ተመርቆ ፈቃድ ካገኘ በኋላ በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ሕሙማንን መርምሮ ማከምን የተማረ፣ በመረጠው ዘርፍም ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ባለሙያ ነው። ዘርፎቹ ብዙ ናቸው፤ ቤተሰብን በሙሉ የሚያዩ አሉ፤ ሕፃናትን ብቻ፣ ዐዋቂዎችንና አረጋውያንን፣ የሴቶችን ጤና፣ የአእምሮ ጤናን፣ ገና የተወለዱ ጨቅላዎችን የሚያዩም አሉ። በሕፃናት ዘርፍ የሠለጠነ ባለሙያ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት አይከታተልም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ዘርፋቸውን መጠየቅ ነውር የለውም። በዘርፋቸው ውስጥ ግን ሥራቸው ሰፊ ነው፦ የሕመሙን ታሪክ ይቀበላሉ፣ ይመረምራሉ፣ ላብራቶሪና ራጅ ያዛሉ፣ ውጤቱን አንብበው በሽታውን ይለያሉ፣ መድኃኒት ይጽፋሉ፣ ይለውጣሉ፣ ያቆማሉ፣ ወደ ስፔሻሊስት ይልካሉ። ነርስ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን መርፌ የምትወጋ፣ ቁስል የምታጥብ፣ ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፈውን የምትፈጽም ባለሙያ ናት። እዚህ ግን ካርዱ ላይ የሚጽፉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ከእኔ ቀድሞ የገባት ለእርሷ ነው። «ታዲያ እንደ ጤና መኮንን ናቸው በለኛ» አለችኝ። እናቴ ያደገችው በደምቢያ፣ ቆላድባ አጠገብ ሲሆን፣ በልጅነቷ ወባ የጣለውም ምጥ የጠናባትም በቃሬዛ የሚወሰዱት ወደ ጤና መኮንኑ ነበር፤ ዶክተር የሚባል ሰው ፊት ለፊት ያየችው ካገባች በኋላ ነው። ንጽጽሯ ከገመትሁት በላይ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚያክሙ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ፤ እናቴ የተወለደችውም በዚያው ወረርሽኝ ዘመን ነው። በአሜሪካ ደግሞ በኮሎራዶ ገጠር የሕዝብ ጤና ነርስ የነበሩት ሎሬታ ፎርድ እና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ሲከፍቱ ያነሣሣቸው ያው የሐኪም እጥረት ነበር። ፎርድ በ2025 መጀመሪያ በ104 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የጀመሩት ሙያ በመላ አሜሪካ ከ385,000 በላይ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎችን አፍርቶ ነበር። አንድ ልዩነት ግን አለ። ጤና መኮንን ከመነሻው ለማከም ይሠለጥናል፤ ነርስ ፕራክቲሽነር ደግሞ አስቀድሞ ነርስ ሆኖ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይቆማል። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ካየሁት መልካም ነገር አብዛኛው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ባለሙያዋ ገብተው ከእናቴ ጋር ከተጨባበጡ በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ነርስ ፕራክቲሽነር መሆናቸውን፣ ሐኪም አለመሆናቸውን፣ ሐኪም ማየት ከፈለግን ወረፋ ልንይዝ እንደምንችል ነው። ከዚያ የስልክ አስተርጓሚ አስገቡ። ወንበራቸውን ስበው እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሲያነጋግሩም ዓይናቸው በእርሷ ላይ ነበር፤ ወደ ስልኩም ወደ እኔም አልዞሩም። ቀጠሮ ሲያዝ እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት እንድናመጣ ተነግሮን ስለነበር ከረጢቱን ተቀብለው ሰባቱንም ጠርሙሶችና ብልቃጦች በጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። አንድ በአንድ እያነሡ «ይህን ለምን ይወስዱታል? መቼ?» እያሉ ጠየቁ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንደኛው ብልቃጥ አምሎዲፒን ይላል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሌላው፣ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣላት፣ ኖርቫስክ ይላል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ኖርቫስክ የንግድ ስሙ ነው። እናቴ ለወራት አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ስትውጥ ኖራለች። ባለሙያዋ ጎንበስ ብለው ካልሲዋን ዝቅ አደረጉና በአውራ ጣታቸው ቁርጭምጭሚቷን ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ተሰርጉዶ ቀረ። እኛ ዕብጠቱን የዕድሜ ነገር ነው ብለን ትተነው ነበር። የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ እግር እንደሚያሳብጥ ነገሩን፤ አንዱን አስቆሟት፤ ዕብጠቱም በሦስተኛው ሳምንት ጎደለ።

ቀጥሎ ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቋት። እናቴ አፍራ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እግሯን ያየ ባለሙያ ከዚያ በፊት አልነበረምና። ባለሙያዋ ከኪሳቸው እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለ ቀጭን ናይለን አውጥተው፣ ዓይኗን ጨፍና ክሩ በነካት ቁጥር «አዎ» እንድትል በአስተርጓሚው በኩል ነገሯት። ክሩ በአሥር ግራም ግፊት እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስኳር የእግርን ስሜት መግደል አለመግደሉ የሚታወቅበት ቀላል መሣሪያ ነው። ተረከዟን ሲነኩ «አዎ» አለች። የእግሯን ጎን ሲነኩ «አዎ» አለች። የግራ እግሯን አውራ ጣት ሲነኩ ግን ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ ምንም አላለችም፤ በትዕግሥት እየጠበቀች ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ልጇ እንደ መሆኔ የተሰማኝን ለመግለጽ ይቸግረኛል። አርባ ደቂቃ ያህል ከፈጀው ከዚህ ጉብኝት ስንወጣ፣ «ነርስ» በሚለው ቃል ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ ከውስጤ ወጥቶ ነበር።

ሥልጣናቸው እስከ የት ነው የሚለው ጥያቄም ያን ዕለት መልስ አገኘ። ልቧን ሲያዳምጡ ማዳመጫውን በግራ ጡቷ ሥር ለረጅም ጊዜ ያዙት፤ በግራ ጎኗ አስተኝተውም ደግመው አዳመጡ። ከዚያ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ተከትሎም ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። እናቴ ትዝ አላት፤ በአሥር ዓመቷ ገደማ መራመድ ተስኗት አባቷ በጀርባቸው ወደ ጸበል ይወስዷት ነበር። ባለሙያዋ የልቧ ቫልቭ የተለየ ድምፅ እንደሚያሰማ፣ በልጅነት የደረሰ የሪህ ትኩሳት ያስከተለው ሊሆን እንደሚችል፣ ይህን መወሰን ግን የእርሳቸው ሥራ አለመሆኑን ነገሩን፤ የልብ አልትራሳውንድ አዝዘው ወደ ልብ ሐኪም ሪፈራል ጻፉ። የልብ ሐኪሙ የቫልቭ መጥበቡን አረጋገጡ፤ ደግነቱ ቀላል ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። የመረመሯት ሰው ጥርጣሬውን በአገራችን ልጆች ዘንድ የተለመደ ከሆነ በሽታ ጋር ማያያዛቸው፣ «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ለማለትም አለመዘግየታቸው ለእኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ሚዛን ነው።

«ከበላያቸው ሐኪም አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን የሕግም ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደሚኖሩበት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ከሐኪም ጋር ስምምነት ሳይፈራረሙ በራሳቸው ፈቃድ ይሠራሉ፤ ለሙያው አዲስ የሆኑት ግን ለመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ልምድ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር አማካሪ አድርገው ማስመዝገብ አለባቸው። ዋሽንግተን ዲሲም ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግረው አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ ሲገቡ ግን ሕጉ ይለወጣል፤ በቨርጂኒያ የተወሰኑ ዓመታት በሙሉ ጊዜ እስኪሠሩ ድረስ ከሐኪም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋቸዋል። ወገኖቻችን ከሚበዙባቸው ሌሎች ከተሞች መካከል በሲያትልና በዴንቨር ሙሉ ሥልጣን አላቸው፤ በዳላስና በአትላንታ ደግሞ መድኃኒት የሚያዙት ከሐኪም ጋር ባላቸው ውል ሥር ነው። በአጠቃላይ ከ25 በላይ የሚሆኑ ስቴቶች ሙሉ ሥልጣን ሰጥተዋል። አንድ ዓይነት ትምህርት የተማረ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ያለፈ ሰው ወንዝ ሲሻገር ሥልጣኑ የሚጠበው በሕግ አውጪዎች ውሳኔ ነውና፣ በእኔ አስተያየት የስቴቱ ሕግ የባለሙያውን ችሎታ አይመዝንም። ፈቃዳቸው የጸና መሆኑን፣ የተወሰደባቸው እርምጃ ካለም፣ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ በስማቸው ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ እኔም አይቻለሁ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የትምህርቱን ልዩነት አሳንሶ ማቅረብም ትክክል አይሆንም። ሐኪም ከአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ የሚሉትን የሆስፒታል የተግባር ሥልጠና ይሠራል፤ በሕሙማን መካከል የሚያሳልፈውም ከ10,000 ሰዓት በላይ ነው። ለነርስ ፕራክቲሽነር የሚጠየቀው ዝቅተኛ የተግባር ሥልጠና ለብዙ ጊዜ 500 ሰዓት ነበር፤ በ2022 የወጣው የትምህርት መስፈርት ወደ 750 ከፍ አድርጎታል። ቀደም ሲል በነርስነት የሠሩበት ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት በሆስፒታል ነርስነት ሠርታ የተማረች አንዲት ባለሙያና ከነርሲንግ ትምህርት በቀጥታ ወደ ማስተርስ የገባች ሌላዋ አንድ ዓይነት ማዕረግ ይዘው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። የእናቴ ባለሙያ በልብ ሕሙማን ክፍል ለዓመታት የሠሩ መሆናቸውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀጠሮ ጠይቄ ነው። አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቀቴ ይቀልልኝ ነበር።

ጥናቶቹን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጥቀስ። በኒው ዮርክ 1,316 ሕሙማን በዕጣ ተለይተው 806ቱ በነርስ ፕራክቲሽነር፣ 510ሩ በሐኪም ከታዩ በኋላ በ2000 የታተመው ውጤት፣ በስድስት ወር ውስጥ በጤናቸውም በእርካታቸውም ረገድ የጎላ ልዩነት አላሳየም፤ ደም ግፊት ካለባቸው መካከልም በነርስ ፕራክቲሽነር የታዩት የታችኛው ግፊታቸው በአማካይ 82 ሲሆን የሌሎቹ 85 ነበር። ስድስት ወር ለስኳር ሕመምተኛ አጭር ጊዜ መሆኑን ግን ልብ ይሏል። በሌላ በኩል በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ብቻቸውን ሲያክሙ የሕሙማኑ ቆይታ እንደረዘመና ወጪው እንደጨመረ አሳይቷል። ሁለቱ ይጋጫሉ ብዬ አላምንም። በቀጠሮ የሚመጣ፣ የታወቀ በሽታ ያለበት፣ በየሦስት ወሩ የሚታይ ሰው አንድ ነገር ነው፤ በእኩለ ሌሊት ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም በአምቡላንስ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናት።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ጾምን በተመለከተ የተደረገው ከልቤ አልወጣም፤ ሊሳሳትም የነበረው እዚያው ላይ ነው። እናቴ ዐቢይ ጾምን ትጾማለች፤ ይህን ማንም ሊያስቀራት አይችልም። ለስኳሯ ከምትወስዳቸው አንዱ ግሊፒዛይድ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋ፣ ተውጦ ምግብ ካልተከተለው ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ባለሙያዋ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀጠሮ «በጾሙ ቀናት በስንት ሰዓት ነው መጀመሪያ የሚበሉት?» ብለው ጠየቋት። እናቴ «በዘጠኝ ሰዓት» አለች። አስተርጓሚው፣ ምናልባት እዚህ ያደገ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ተረጎመው፤ ባለሙያዋም ቁርሷን ጥቂት ብቻ የምታዘገይ መስሏቸው በጽሑፋቸው ሊያልፉት ነበር። ያኔ ነው ጣልቃ የገባሁት፦ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው። ባለሙያዋ እጃቸውን ከኮምፒዩተሩ አነሡ። «እንግዲያው ከማታ ጀምሮ አሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ባዶ ሆዷን ናት ማለት ነው» አሉ። ግሊፒዛይዱን አስቀሩ፤ ሌላውን የስኳር መድኃኒቷን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ከምሽቱ ምግብ ጋር እንድትወስደው አዛወሩት፤ ስኳሯ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን ፈትታ ጣፋጭ ነገር እንድትቀምስ ቃል አስገቧት። እናቴ ቃሉን የሰጠችው «የንስሐ አባቴም እንደዚያው ብለውኛል» ብላ ነው። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብታችን የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ሁሉ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ሰዓትና መጠን ሲተረጎም ቤተሰብ አጠገብ ቢቆም መልካም ነው።

ቅሬታዎቼን ልናገር። የመጀመሪያው የባለሙያዋ ነው። በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ስለታየ ሊሲኖፕሪል ጀምረውላት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴን ደረቅ ሳል ያዛት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንነግራቸው የክረምት ጉንፋን ነው ብለው የሳል ሽሮፕ ሰጧት። እናቴ ሌሊቱን ተቀምጣ እያነጋች ሁለት ወር አለፈ። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ በሰፊው የሚታወቅ ነው፤ ራሳቸው የጀመሩትን መድኃኒት ነበርና አስቀድመው ሊጠረጥሩት ይገባ ነበር። በኋላ ራሳቸው ደርሰውበት ወደ ሎሳርታን ቀየሩት፤ ሳሉም በሳምንታት ውስጥ ጠፋ፤ «መጀመሪያ ሲነግሩኝ ልጠረጥረው ይገባኝ ነበር» ብለው እናቴን ይቅርታ ጠየቋት። እናቴ «ምን ቸገረኝ ልጄ፣ ሰው ነሽ» አለቻቸው። እኔ ግን ያባከንናቸውን ሌሊቶች ስለማስታውስ መዝግቤዋለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ በክሊኒኩ አሠራር ላይ ነው። ባለሙያዋ ለዕረፍት በሄዱበት ጊዜ ፖርታል በሚሉት የኢንተርኔት መዝገብ የላክሁት ጥያቄ ዘጠኝ ቀን ያለ መልስ ተቀመጠ፤ የሚተካቸው ሰው ማን እንደሆነም የሚነግረኝ አላገኘሁም። የላብራቶሪ ውጤት በእንግሊዝኛ ብቻ ይመጣል፤ ቀይ ምልክት ያለበት ቁጥር ያየ ሰው ማብራሪያ እስኪያገኝ ይጨነቃል። የፊት ጠረጴዛ ሠራተኞች ደግሞ ባለሙያዋ ራሳቸው በግልጽ የሚናገሩትን ማዕረግ ትተው «ዶክተሯ ይጠሯችኋል» ይላሉ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ታካሚ ማን እያከመው እንደሆነ የማወቅ መብት አለው፤ የሚያውቅ ታካሚም ሐኪም ሲያስፈልገው መጠየቅ ይችላል።

ስለ ክፍያ ብዙ የምለው የለኝም። ከ1997ቱ ሕግ ወዲህ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች በቀጥታ ይከፍላል፤ ዋጋውም ለሐኪም ከሚከፈለው 85 በመቶ ነው፤ ታካሚው የሚያዋጣው 20 በመቶም ከዚያው ከዝቅተኛው ዋጋ ስለሚሰላ በመጠኑ ይቀንሳል። የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ የየራሳችሁን ውል ጠይቁ።

እንግዲህ ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ እንደ እናቴ ስኳርና ግፊት ያለበት፣ ተደጋጋሚ ክትትል፣ የሚያዳምጥ ጆሮና ረዘም ያለ ቀጠሮ ለሚያስፈልገው ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የሦስት ወር የስኳር አማካይዋ ስንጀምር 8.9 ነበር፤ ባለፈው ወር 7.4 ሆኗል። ስማቸው ያልታወቀ በርካታ ምልክቶች በአንድ ጊዜ ለተደራረቡበት፣ ካንሰር ለተጠረጠረበት፣ ብዙ የአካል ክፍሎቹ ለታመሙበት ሰው ግን ዋና ተከታታዩ ሐኪም ቢሆን፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ደግሞ ከጎኑ ብትሠራ እመርጣለሁ። የምትመርጡት ክሊኒክ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ሲቸግራት በዚያው ቀን የምታማክረው ሐኪም ያለበት እንደሆነም ጠይቁ፤ በሜሪላንድ ሕጉ ባያስገድድም በእኛ ክሊኒክ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ይገኛሉ፤ ጠቃሚነቱንም በጫማው ጉዳይ አይተነዋል።

የጫማው ጉዳይ እንዲህ ነው። የእናቴ የግራ አውራ ጣት ስሜት ስለቀነሰና ከሥሩም መጅ ስላወጣ፣ ባለሙያዋ ለስኳር ሕሙማን የሚሠራ ልዩ ጫማ እንደሚያስፈልጋት ወሰኑ። ሜዲኬር በዓመት አንድ ጥንድ ይሸፍናል። ይሁን እንጂ የሜዲኬር ሕግ ለዚህ ጫማ የምስክርነቱን ወረቀት የሚፈርመው ስኳሩን የሚከታተለው ሐኪም እንዲሆን ያዝዛል፤ ነርስ ፕራክቲሽነር መፈረም አትችልም። እግሯን በክር የመረመሩት፣ መጁን ያገኙት፣ መድኃኒቱን የሚያዙት ባለሙያዋ ሆነው ሳለ፣ እናቴ አይታቸው የማታውቀውን ሐኪም ለማየት ሰባት ሳምንት ጠበቀች። ሐኪሙ የባለሙያዋን ጽሑፍ አንብበው፣ እግሯን አይተው ፈረሙ፤ ሃያ ደቂቃም አልሞላ። እነዚያን ሰባት ሳምንታት ያስከፈለን ሕግ ቢሻሻል ከልቤ ደስ ይለኛል፤ በሜሪላንድ ሙሉ ሥልጣን የተሰጣት ባለሙያ በፌዴራል ሕግ ለጫማ ምስክርነት መፈረም የማትችልበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ጫማው ጥቁር፣ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ መጣ። ባለሙያዋ ከቤት ውጭ ሁልጊዜ እንድታደርገው ሲነግሯት እናቴ ፊቷ ተለወጠ፤ «ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም» አለች። ባለሙያዋ ይህን አያውቁም ነበር። ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ወለሉ ምንጣፍ ይሁን ድንጋይ፣ ከበሩ እስከ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ጠየቋት። ከዚያ ጫማውን በሩ ላይ አውልቃ ሥሩ እንዳያንሸራትት ጎማ የተደረገበት ወፍራም ነጭ ካልሲ እንድትለብስ፣ ማታ ቤት ስትመለስም ውስጥ እግሯን በመስታወት እንድታይ ተስማሙ። ካልሲው ነጭ እንዲሆን የተመረጠው፣ ደም ቢኖር ቶሎ እንዲታይ ነው። አሁን ክብ የእጅ መስታወት ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከዳዊቷ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቅዳሴ ውላ ስትመጣ ካልሲዋን ታወልቅና መብራት እንዳበራላት ትጠራኛለች።